ሽንሌ ባሕር ውስጥ የገባችበት ቀን

«ቲቸር፣ የእኛ ሰፈር ቦኖ ባሕር ውስጥ ገብቷል» አለኝ አንዱ ተማሪ።

ሽንሌን ለማታውቁ አንባቢያን፣ ከድሬዳዋ በስተሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሞቃትና ሜዳማ ከተማ ናት። ከድሬዳዋ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ የጀመራችሁትን ወሬ ሳትጨርሱ ትደርሳላችሁ። ባሕር የላትም። ወንዝ የሚባለውም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ዝናብ ሲጥል ብቻ ለጥቂት ሰዓታት ወንዝ መሆኑ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ልጁ ሲጠራኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳይ እውነቱን ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ያስገባው ነጥብ ከፈረንሳይዋ የኮርሲካ ደሴት በስተምሥራቅ፣ ወደ ጣሊያን በሚያሻግረው ባሕር ላይ ተቀምጧል።

ስህተቱ ትንሽ ነው። ሽንሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.68፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ደግሞ 41.85 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች አገላብጦ ጻፋቸው። ኬክሮሱ ኬንትሮስ፣ ኬንትሮሱ ኬክሮስ ሆነና ቦኖው እስከነቧንቧው ሜዲትራኒያን ገባ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሽንሌ ወደብ አገኘች!» ብሎ የጮኸም ነበር።

ጂኦግራፊ በማስተማር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ኬክሮስ ምንድነው ብዬ ስጠይቅ ትርጉሙን እንደ ጸሎት የሚያነበንብ ተማሪ ሞልቷል። በኬክሮስ ምክንያት የተናደደ ተማሪ ግን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ልጁ ተናዷል፤ የጠፋው ቦኖ እናቱ በየማለዳው ጀሪካን ይዛ የምትሰለፍበት ነውና። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱን ቁጥሮች ያምታታ አንድም ልጅ አላየሁም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ሽንሌ ያለች አንዲት የሥጋ ዘመዴ ደውላ «ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ፤ መምህር አይደለህም ወይ? አንድ ነገር አስተምርልኝ» አለችኝ። እኔ ስልኩን ከእጃቸው የማስጣል ችሎታ የለኝም፤ የራሴንም ልጆች አላስጣልኩም። እንግዲያው በያዙት ስልክ የሚሠራ ነገር ይሁን ብዬ ካርታ ሥራ መረጥኩ። 14 ተማሪዎች መጡ። አምስት ስማርት ስልክ፣ አንድ የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ የተዋስነው ክፍል። ከማለዳው አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ አያስጠጋም።

የተጠቀምነው ካርታ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። በ1996 ዓ.ም. ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ የጀመረው ነው። የአገሩ መንግሥታዊ የካርታ ድርጅት መረጃውን በገንዘብና በጥብቅ ገደብ ነበር የሚሰጠው። ታዲያ ሰዎች ራሳቸው እየዞሩ መንገዱን ቢመዘግቡና የሰበሰቡትን ሁሉም በነፃ ቢጠቀምበትስ አለ። ዊኪፒዲያ ለጽሑፍ ያደረገውን ለካርታ ማድረግ ነው። ዛሬ የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የእናንተም የስልክ ካርታ፣ ስሙ ሌላ ቢሆንም፣ ከሥሩ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ሥራው ጨዋታ እንዳልሆነ ለልጆቹ ለማሳየት ሁለት ሦስት ታሪክ ነገርኳቸው። በናይሮቢ ኪቤራ የሚባለው ሰፊ የድሆች ሰፈር ለረጅም ጊዜ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው እየዞሩ ራሳቸው ሞሉት። በዚያው ዓመት በጥር ወር ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች ከሳተላይት ፎቶ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥለው ለነፍስ አድን ሠራተኞች አደረሱ። በዳሬ ሰላም ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከየሰፈሩ ሰው ጋር ሆነው ጎርፍ የሚያጠቃቸውን መንደሮችና የውሃ መውረጃዎች መዝግበዋል። ሥራቸው ራማኒ ሁሪያ ይባላል፤ በስዋሂሊ «ክፍት ካርታ» ማለት ነው። በእኛም አገር በአዲስ አበባ የአውቶቡስ መስመሮች በዚሁ ካርታ ላይ ሰፍረዋል።

የጎርፉን ነገር ሳነሳ ክፍሉ ጸጥ አለ። የድሬዳዋና የአካባቢዋ ሰው ሐምሌ 1998 ዓ.ም.ን አይረሳም። ደቻቱ ሌሊት መጥቶ ሰው በተኛበት ወሰደው፤ የሞቱት ከ250 በላይ ነበሩ። ተማሪዎቼ ያኔ አልተወለዱም፤ ግን ሁሉም የሚያውቁት ታሪክ አላቸው። ከከተማው ያለፈው ጎርፍ ወደ እነርሱ ሜዳ ነው የሚወርደው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ስልክ አላስነካኋቸውም። ባዶ ወረቀት ሰጥቼ «ከቤታችሁ እስከዚህ ያለውን መንገድ ሣሉልኝ» አልኳቸው። ይህን ቤታችሁ ውስጥ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ወጪ የለውም፣ ብዙ ያሳያል። ወንዶቹ የሣሉት የኳስ ሜዳ፣ አስፋልት፣ የባጃጅ ማቆሚያና ስልክ የሚጠግነው ልጅ ሱቅ ነው። ሴቶቹ ቦኖ፣ ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ የእሾህ አጥር ጥሶ የሚያሳልፍ አቋራጭና ውሻ ያለበት ግቢ ሣሉ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታስቀምጡት የሁለት ከተማ ካርታ ይመስላል። አንዱ ልጅ «ይሄ መንገድ የለም» ብሎ ከአንዲት ተማሪ ጋር ሲከራከር፣ እርሷ «አንተ ውሃ ቀድተህ ስለማታውቅ ነው» አለችው። ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ቀጥሎ የሳተላይት ፎቶ። ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶውን ከሥር አንጥፎ ከላዩ መስመር መሣል ነው፤ የቤቱን ማዕዘን በማዕዘን መንካት፣ ከዚያ ይህ ምን እንደሆነ መለያ መስጠት፦ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ወቅታዊ ወንዝ። እጃቸው ከእኔ ይፈጥናል። እኔ የማውቀውን በሁለት ቀን ጨረሱብኝ። ነገር ግን ከከተማው ወጣ ሲሉ ፎቶው ላይ ብዙ ክብ ክብ ነገር ይታያል። ከዚህ ቀደም ከሩቅ ሆኖ የሣለ ሰው አንዳንዱን ክብ «ቤት» ብሎ መዝግቦታል። አንዲት ልጅ ተጠግታ አየችና ሳቀች። «ይሄ እኮ የፍየል በረት ነው።» የእሾህ አጥሩ ክብ ከላይ ሲታይ ጎጆ ይመስላል። ሌላው ክብ ደግሞ በእርግጥም አቃል ነበር፤ አቃል ግን ተነቅሎ በግመል የሚጫን የአርብቶ አደር ቤት ነው። ፎቶው ሲነሳ የነበረው ቤተሰብ ዛሬ የት እንዳለ እግዜር ነው የሚያውቀው። ይህን ቤት በካርታ ላይ ማስፈር ደመናን በሚስማር እንደመምታት ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ጉግል ከሳተላይት ፎቶ በኮምፒውተር ብቻ ለይቶ ያወጣቸውን 516 ሚሊዮን የአፍሪካ ሕንፃዎች ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። አስደናቂ ሥራ ነው። ሆኖም ማሽኑ ጣሪያ ነው የሚያየው፤ ከጣሪያው ሥር ክሊኒክ ይሁን የእህል መጋዘን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው በር አንኳኩቶ «እስካ ወረን» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ወጣን። ስልኮቹ ላይ ኦርጋኒክ ማፕስና ስትሪትኮምፕሊት የሚባሉ ነፃ መተግበሪያዎች ጫንን። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካርታውን ካወረዱት ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ልጆቹን ከሁሉ ያስደነቃቸው ካርድ በሌለው ስልክ ላይ ያቺ ሰማያዊ ነጥብ አብራቸው መሄዷ ነው። ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ነው፤ ስልኩ ይሰማል እንጂ አይናገርም፤ ስለዚህ አያስከፍልም። እንደ ሽንሌ ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ ስህተቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ፎቅና ተራራ የበዛበት ከተማ ይህን ዕድል አያገኝም። ስልክ የሌላቸው ልጆች ከካርታው የታተመ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እውነቱን ለመናገር የወረቀቶቹ ሥራ ከስልኮቹ ይበልጥ ንጹሕ ነበር። ባትሪ አያልቅባቸውም፣ መልእክት አይገባባቸውም።

የውሃውን ዳርቻ ዝም ብለን አላለፍነውም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ባልተለመደ ወቅት ወባ መነሳቱን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ የዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤቶች ሳይቀሩ ተጠቅተዋል። ምክንያቱ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በዚሁ ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ታንከር፣ ክዳን የሌለው ቢርካ ይበቃታል። ዝናብ አትጠብቅም፤ ሰው ውሃ ባጠራቀመበት ትፈለፈላለች። ስለዚህ ኮቦ በሚባል ነፃ መጠይቅ ሁለት ሰፈር ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ ቆጠርን። ጥያቄው ሦስት ብቻ ነው፦ ምን ዓይነት ነው? ክዳን አለው? ውስጡ የሚንቀሳቀስ እጭ ይታያል? ይህን ግን ክፍት ካርታው ላይ አልጫንም። የሰው ጓሮ ነውና። ውጤቱን ወረቀት ላይ አትመን ለሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰጠናት። እርሷም ከተማሪዎቹ አንዱን ጠርታ «የእናንተ ቤት በርሜልስ?» አለችው። ክዳን አልነበረውም። በማግሥቱ ሄጄ አየሁት፤ የአሮጌ ቆርቆሮ ቁራጭ ተደፍቶበት ድንጋይ ተጭኖታል።

ስለ ስሞች አንድ ነገር ካላልኩ ይቆጨኛል። ካርታ ላይ ከመንገድ ይልቅ ሰው የሚያጣላው ስም ነው። ከተማዋን እኛ በአማርኛ ሽንሌ እንላለን፤ ሶማሊኛው ሺኒሌ ብሎ ይስባታል። ዞኑ ድሮ ሽንሌ ዞን ነበር፣ አሁን ሲቲ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ሲቲ ዞን» ሲባል ትልቅ ከተማ ይመስለዋል። በጅጅጋ በኩል ያለችው የድንበር ከተማ ደግሞ በሶማሊኛ ወጃሌ ናት፤ በአማርኛ ቶግ ውጫሌ ሆናለች። «ውጫሌ» ብለው ብቻ ከፈለጉ ኮምፒውተሩ ወሎ ሊወስዳችሁ ይችላል፤ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ወደተፈረመበት! ኦፕንስትሪትማፕ ለዚህ መፍትሔ አለው። ለአንድ ቦታ በየቋንቋው ለየብቻ ስም መስጠት ይቻላል፤ አማርኛው በፊደል፣ ሶማሊኛው ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በሚጻፍበት በላቲን። ልጆቹ አንድ ደረቅ ወንዝ ላይ ሦስት ስም ይዘው መጡ፤ በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው ሰፈር የተለያየ ነው። ሦስቱንም መዘገብናቸው። ከጉግል ካርታ ላይ ስም እንዳይገለብጡ ግን አስጠንቅቄአቸው ነበር፤ እርሱ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ከሰው አፍ ነው የሚሰበሰበው።

የወረዳና የክልል ወሰን አንነካም ብለን የተስማማነው በመጀመሪያው ቀን ነው። አንዱ ልጅ ብዕሩን አንስቶ ሊያሰምር ሲል ሌላው «እርሱን ተወው» አለው። እኔ ምንም አልተናገርኩም። በዚህ አካባቢ ያደገ ልጅ መስመር ምን እንደሚያመጣ ከአስተማሪ አይማርም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከተማሪዎቹ መካከል አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ። ቅዳሜ ከአጎቷ ልጆች ጋር ወደ ገጠር ሄዳ፣ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በእጅ የተቆፈሩ ሦስት ጉድጓዶችን በጂፒኤስ ይዛ መጣች። እሑድ ማታ ከአጎቷ ስልክ ላይ ራሷ ጫነቻቸው። ሰኞ ጠዋት በኩራት አሳየችኝ። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ በክፍሉ ፊት አመሰገንኳት። የማን ጉድጓድ ነው? ብዬ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ መጡ። በትራቸውን ይዘው፣ ሽርጣቸውን አገልድመው በር ላይ ቆሙ። ልጆቹ ተነሥተው «አደር» እያሉ ቦታ ለቀቁላቸው። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ታላቅን ሁሉ የሚጠሩበት የአክብሮት ስም። እኔም አደር አልኳቸው። ሶማሊኛዬ ገበያ የሚያስወጣ እንጂ ክርክር የሚያስገባ ስላልሆነ ልጆቹ አስተረጎሙልን።

«ጉድጓዳችንን መጽሐፍ ላይ ጻፋችሁት አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ አደር።»

«መጽሐፉን ማን ነው የሚያነበው?»

የክፍት ካርታ ትልቁ ኩራት የዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ በየሥልጠናው በደስታ የምንለው። ያን ቀን ግን ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ። «ሁሉም ሰው» አልኳቸው። «በዓለም ላይ ያለ ሁሉ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የተናገሩትን ልጆቹ እየተቀባበሉ እንዲህ ተረጎሙልኝ። ጉድጓዱን የቆፈሩት አባታቸው ናቸው። ማንም መንገደኛ ጠምቶት ቢመጣ ይጠጣል፤ ያን መከልከል ነውር ነው። ከብት ይዞ የሚመጣ ግን ይጠይቃል፣ ተራ ይይዛል፣ በድርቅ ጊዜ ደግሞ ሽማግሌ ይቀመጣል። «ጠይቆ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው። ሳይጠይቅ ከእናንተ መጽሐፍ ላይ አንብቦ የሚመጣውስ ምንድነው?»

ይህ የአንድ ሽማግሌ ጠባይ አይደለም። የኢሳ ሶማሌ ሔር ኢሳ የሚሉት ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፤ 44 ሽማግሌዎች እንደቀረጹት ይነገራል። በዛፍ ሥር ነው የሚዳኙበት። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ውሃን ማን፣ መቼ፣ በምን ደንብ እንደሚጠጣ የሚወስን ሥርዓት እዚያው ነበረ። እኔ ከነጥቡ ጋር ደንቡን የምጽፍበት መለያ አልነበረኝም።

ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እናጠፋዋለን አልኩ። ያን ጊዜ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ተነሣች። ሽማግሌ ፊት ቀና ብላ አይደለም የተናገረችው፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው። ግን ተናገረች። በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ አያቷ ገጠር ነበሩ። ያ ድርቅ ሲቲ ዞንን ክፉኛ የጎዳ፣ ከብት የጨረሰ ድርቅ ነው። ውሃ የጫነ ቦቴ ለአያቷ መንደር ተመድቦ ነበር ይባላል። ሾፌሩ የያዘው ዝርዝር ላይ ያለው ስም ግን የሌላም ቦታ ስም ነው፤ ቦቴው ወደዚያኛው ሄደ። ሰው በሁለተኛው ቀን በእግሩ ወጥቶ ፈለገው። «ካርታው ላይ ብንኖር ኖሮ» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተቀመጠች።

ሽማግሌው አልተቆጧትም። «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ነገረቻቸው። አያቷን ያውቋቸዋል። ከዚያ ረጅም ወሬ ተጀመረ፤ ልጆቹ መተርጎሙን ረሱ፤ እኔም አላቋረጥኩም።

በመጨረሻ የተደረሰበት ይህ ነው። ቦቴ የሚፈልገው ጉድጓድ አይደለም፤ መንደርና መንገድ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ስም፣ ተመሳሳይ ስም ካለ መለያው፣ ቦቴ የሚያስገባው መንገድና በዝናብ ጊዜ የሚቆረጥበት ቦታ ይጻፍ። ከተማ ውስጥ ያለው ቦኖ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ ይጻፍ። የእጅ ጉድጓድ አይጻፍ። ቢርካ ደግሞ ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ። እኔ ብቻዬን ብሆን ይህን መስመር እዚህ ላይ አላሰምረውም ነበር፤ አሁንም ቢሆን ልጅቷ ሙሉ በሙሉ እንደተስማማች አላውቅም።

ሦስቱን ነጥቦች በሽማግሌው ፊት አጠፋናቸው። ጠፉ ብዬ ባሰናብታቸው ይቀለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ኦፕንስትሪትማፕ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ይይዛል። ከካርታው ላይ የጠፋ ነጥብ ከካርታው ላይ አይታይም፤ ፈልጎ የሚቆፍር ሰው ግን ያገኘዋል። ከታሪኩም እንዲሸፈን ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን አሠራሩ በዋናነት የቅጂ መብት ለተጣሰበት መረጃ የተዘጋጀ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እንግዲህ ቃል ነው» አሉ። «ቃል ከአፍ ከወጣ አይመለስም። ለሚቀጥለው ተጠንቀቅ።»

ሁለቱን የቀሩ ሳምንታት መንገድ ስንይዝ ቆየን። ሽማግሌው አልቀሩብንም፤ በየቀኑ ባይሆንም ይመጣሉ። ወንዙ የቱ ጋ መንገዱን እንደሚቆርጥ፣ ከከረን ዝናብ በኋላ ስንት ቀን ጭቃው እንደሚቆይ፣ የቱ መንደር ተነሥቶ የት እንደሰፈረ ይነግሩናል። የአሮጌውን የባቡር መስመር ጣቢያዎች በቅደም ተከተል፣ ሀረዋ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ እያሉ እንደ ሙሽራ ዘፈን ይቆጥሩታል፤ በልጅነታቸው የእናታቸውን የግመል ወተት ይዘው በባቡሩ ተሳፍረዋልና። ልጆቹ የሚያውቁት አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡርና ወደ ደወሌ የሚወስደውን የክፍያ መንገድ ነው። አሮጌው ሐዲድ በሳተላይት ፎቶው ላይ አሁንም ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ በጣታቸው ተከትለውት እስከ ጅቡቲ ደረሱ።

እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። «ባልባላ የታለ?» አሉ።

ባልባላ የጅቡቲ ከተማ ትልቅ ሰፈር ነው። ልጃቸው እዚያ ይኖራል፤ ሄደው አያውቁም። ካርታው ላይ ባልባላን ከፈትንላቸው። መንገዱ፣ ቤቱ፣ መስጊዱ ተሥሏል። ብዙ ተመለከቱት። ከዚያ ከሽርጣቸው ውስጥ ትንሿን ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉና ድምፁን ከፍ አስደረጉ። ከየትኛው መስጊድ በስተየት ነው? ስንተኛው መታጠፊያ? ሱቅ አለ? ልጁ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ይመልሳል። ተማሪዎቹ ላፕቶፑን ከብበው «እዚህ ነው፣ አይ እዚያ ነው» ይባባላሉ። በመጨረሻ ያቺ ዝምተኛ ልጅ አንዱን ጣሪያ ነካችና ቀይ ምልክት አደረገችበት።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩት። ያለ መነጽር ምን ያህል እንደታያቸው አላውቅም።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፣ አደር።»

«ይሄን ደግሞ እንዳትጭኑት» አሏት።